የጃፓን ፊልም ስታዩ ማዕዱን ልብ በሉ

የአኪራ ኩሮሳዋን «ሰባቱ ሳሙራዮች» ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጎራዴውና በዶፍ ዝናብ ስለሚደረገው የመጨረሻ ውጊያ ነው። እኔ ግን ፊልሙን ለማያውቀው ሰው ሳስተዋውቅ የምጀምረው ከአንድ ሳህን ሩዝ ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው በ16ኛው መቶ ዘመን መገባደጃ፣ ጃፓን በእርስ በርስ ጦርነት በምትታመስበት ጊዜ ነው። ሽፍቶች የአንዲት መንደር ገብስ እስኪደርስ ጠብቀው ሊዘርፉት ይዶልታሉ። መንደርተኛው ጠባቂ የሚቀጥርበት ገንዘብ የለውም፤ የመንደሩ ሽማግሌ ታዲያ «የተራቡ ሳሙራዮች ፈልጉ» ብለው ይመክራሉ። ደመወዙ ሩዝ ነው፤ ጠግቦ መብላት ብቻ።

ከተማ የወረዱት ገበሬዎች ለሳሙራዮቹ ነጩን ሩዝ ይቀቅላሉ፤ ራሳቸው ግን እንደ ዳጉሳ ያለ ሻካራ እህል እየቀመሱ ያድራሉ። ሩዛቸው ሲሰረቅ አንደኛው ወለሉ ላይ የተረፈችውን ፍሬ አንድ በአንድ ይለቅማል። በዚያው ማደሪያ የሚያድር የቀን ሠራተኛ ነገሩን አይቶ መታገሥ ያቅተውና ሳህኑን አንሥቶ ለአንጋፋው ሳሙራይ ለካምቤይ ያቀርብለታል፤ እነዚህ ሰዎች ምን እየበሉ ይህን እንደሚያበሉህ እይ ይለዋል። ካምቤይ ሳህኑን ይቀበላል፤ ሥራውንም ይስማማል። ስለ ጀግንነት የተደረገ ንግግር የለም። ከሦስት ሰዓት በላይ የሚዘልቀው ፊልም የቆመው በዚያች ሳህን ላይ ነው።

የጃፓን ፊልም ገጸ ባሕርያት፣ በተለይ በታላላቆቹ ዳይሬክተሮች ሥራ፣ የልባቸውን በአፋቸው ብዙም አይናገሩም። ፍቅሩም፣ ቂሙም፣ ድህነቱም የሚወጣው ገበታ ላይ ነው። በፊልም በኩል ወደዚህ ባህል መግባት ለሚፈልግ አንባቢ የምሰጠው ምክርም ይኸው ነው፤ ማን ምን እንደሚበላ፣ ማን ለማን እንደሚቀዳ ተከታተሉ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የኩሮሳዋ ሩዝ ከታሪክ የተቀዳ ነው። ፊልሙ ከሚያሳየው ጊዜ ቀጥሎ በመጣው፣ ከ1603 እስከ 1868 በዘለቀው የኢዶ ዘመን የአንድ መስፍን ሀብትና ማዕረግ የሚለካው ግዛቱ በሚያመርተው ሩዝ ነበር። መለኪያው ኮኩ ይባላል። አንድ ኮኩ 180 ሊትር ገደማ፣ በክብደት ደግሞ 150 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ ለአንድ ሰው የዓመት ቀለብ ተደርጎም ይታሰብ ነበር። ከታላላቆቹ መሳፍንት ተርታ ለመቆጠር ቢያንስ 10,000 ኮኩ የሚያወጣ ግዛት ያስፈልጋል፤ የካጋ ግዛት ጌቶች ከ1,000,000 በላይ ነበራቸው። ሳሙራዩ ደመወዙን በሩዝ ይቀበላል፤ ገበሬው ግብሩን በሩዝ ይከፍላል። አምራቹ ያመረተውን አስረክቦ፣ የተረፈችውን ከገብስና ከሌላ ጥቃቅን እህል ጋር እየቀላቀለ ይኖራል። ኩሮሳዋ በ1954 ፊልሙን ሲያወጣ ጃፓናውያን ተመልካቾች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት የነበረውን የምግብ እጦት ገና አልረሱትም ነበርና ወለል ላይ ሩዝ የሚለቅመው ገበሬ እንግዳ አልሆነባቸውም።

ያሱጂሮ ኦዙ ከዚህ ፈጽሞ የተለየ ዓለም ነው። በ1903 ተወልዶ በ1963፣ ልክ በስድሳኛ የልደት ቀኑ ያረፈው ይህ ሰው በዋና ዋና ሥራዎቹ የሚያሳየን ተራ ቤተሰብ ነው፤ ልጅ ትዳራለች፣ አባት ብቻውን ይቀራል፣ የድሮ ጓደኛሞች ተሰብስበው ይጠጣሉ። ካሜራውን የሚተክለው ዝቅ አድርጎ፣ ታታሚ በሚባለው የሣር ምንጣፍ ላይ ከተቀመጠ ሰው ዓይን አካባቢ ወይም ከዚያም በታች ነው። ተመልካቹ ከላይ ሆኖ አያይም፤ ከቤተሰቡ ጋር ወለል ላይ ተቀምጦ ማዕዱን ይጋራል። ኦዙን መውደድ ጊዜ ይፈልጋል። የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ምንም ነገር የማይፈጠርበት ሊመስል ይችላል፤ ከታገሣችሁት ግን የሻይ ማንቆርቆሪያ ቦታዋን ስትቀይር እንኳ ልባችሁ ይነካል።

ለጀማሪ የምመርጠው የ1952ቱን «የአረንጓዴ ሻይና የሩዝ ጣዕም» ነው። ሚስት የሀብታም ልጅ ናት፤ ባል የገጠር ሰው። ባልየው ሾርባውን ሩዙ ላይ ገልብጦ ድምፅ እያሰማ ሲበላ ሚስቱ ትጸየፈዋለች። ይኼ ብቻ ነው ጠባቸው፤ ግን ትዳራቸው በሙሉ በውስጡ አለ። ወደ መጨረሻው ባል ለሥራ ወደ ሩቅ አገር ይበራል፤ አውሮፕላኑ ተበላሽቶ በሌሊት ሳይታሰብ ይመለሳል። ይርበዋል። የቤት ሠራተኞቹ ተኝተዋል። ባልና ሚስት የገዛ ቤታቸውን ወጥ ቤት አያውቁትም፤ ሳህኑ የት እንዳለ፣ ሩዙ የት እንደተቀመጠ አብረው ይፈልጋሉ። የቀረውን ቀዝቃዛ ሩዝ ሳህን ላይ አድርገው ትኩስ ሻይ ያፈሱበታል፤ ከተቀመመ አትክልት ጋር ይበሉታል። ይህ ኦቻዙኬ የሚሉት ምግብ በጃፓን የደሃም የሀብታምም የመጨረሻ ቀላሉ እራት ነው። ይቅርታው የሚደረገው በዚያ ፍለጋ ውስጥ ነው፤ ኦዙ ትዕይንቱን ሳያቻኩል፣ ሚስትየዋ አትክልቱን እስክትከትፍ ድረስ ያሳየናል።

በዓመቱ የወጣው «የቶኪዮ ታሪክ» ላይ ደግሞ ሽማግሌና አሮጊት ልጆቻቸውን ለመጠየቅ ከኦኖሚቺ ከተማ ወደ ቶኪዮ ይመጣሉ። ልጆቹ ሥራ በዝቶባቸዋል። በአንድ ክፍል ጠባብ ቤት የምትኖረው፣ በጦርነቱ ባሏ የሞተባት ምራታቸው ኖሪኮ ግን ሳኬ የተባለው የሩዝ መጠጥ የላትምና ጎረቤት ሄዳ ትበደራለች፤ መጠጫውንም ተበድራ ትመጣለች። ቤታቸው የሞላው የሥጋ ልጆች ያልሰጡትን ያች ምንም የሌላት ሴት ከሰው በር አንኳኩታ ታመጣለች። ኦዙ በዚህ ላይ ምንም አስተያየት አይጨምርም። ሰውየው ራሱ መጠጥ ወዳጅ ነበር፤ ካማኩራ ውስጥ ኤንጋኩጂ በተባለው ገዳም ያለውን መቃብሩን የሚጎበኙ ሰዎች ዛሬም የሳኬ ጠርሙስ ያስቀምጡለታል።

በእነዚህ ቤተሰቦች ፊት የሚቀርበው ምን እንደሆነ ማወቅ ፊልሙን ያቀልላል። የተለመደው አቀራረብ ሩዙ በተመጋቢው ግራ፣ ሾርባው በቀኙ፣ ከዚያ ዓሣ ወይም አትክልት በትናንሽ ሳህን፣ በጨው የተቀመጠ አትክልትም አይጠፋም። የዚህ ሁሉ መሠረት ዳሺ የተባለው መረቅ ነው። ኮምቡ የተባለ የደረቀ የባሕር ቅጠል ውኃ ውስጥ ይዘፈዘፋል፤ ቀስ ብሎ ይሞቃል፤ ውኃው ከመንተክተኩ በፊት ይወጣል። ከዚያ ካትሱኦቡሺ ይጨመራል። ይህ ቦኒቶ የሚባል ዓሣ ተቀቅሎ፣ ጭስ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ምርጡ ደግሞ ሻጋታ ተዘርቶበት ለወራት የቆየ ነው፤ እንደ እንጨት ስለሚጠጥር እንደ አናጺ መላጊያ ባለ መሣሪያ ይላጋል። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ይጠለላል፤ አለቀ። ኮምቡ የሚበቅለው በሰሜን በሆካይዶ ነው፤ ለብዙ ዘመን በጭነት መርከብ እየተጫነ ወደ ኦሳካና ወደ ኪዮቶ ይወርድ ነበር። በቡድሃ ገዳማት ሥጋም ዓሣም አይገባምና መነኮሳቱ ዳሺውን ከኮምቡና ከደረቀ እንጉዳይ ያወጡታል፤ በጾም ወቅት ጃፓንኛ ማብሰል የሚፈልግ አንባቢም በዚያ በኩል መጀመር ይችላል። በ1908 ኪኩናኤ ኢኬዳ የተባለ የኬሚስትሪ ሊቅ የኮምቡ መረቅ ለምን እንደሚጣፍጥ መርምሮ ግሉታሜት የተባለውን ንጥረ ነገር ለየ፤ ጣዕሙን ኡማሚ አለው። በዓመቱ ይኸው በዱቄት መልክ ለገበያ ዋለ። ዛሬ በየሱቃችን በሚሸጡት በብዙዎቹ የወጥ ማጣፈጫ ኩቦች ውስጥ ያለው ያው ነው። የጃፓን አመጋገብ ባህል በ2013 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሰፍሯል።

ስለ ሳኬ ሲነገር «የሩዝ ወይን» ይባላል። ጠላ ጠምቆ የሚያውቅ ሰው ግን ይህ አነጋገር ልክ እንዳልሆነ ቶሎ ይገባዋል። ወይን ፍሬው ውስጥ ስኳር አለው፤ እህል ግን ስታርች እንጂ ስኳር የለውም፤ እርሾ ደግሞ ስታርችን አይበላም። መጀመሪያ ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጥ ነገር ያስፈልጋል። ለጠላ ያንን የሚሠራው ብቅል ነው። ጃፓናውያን ለሳኬ ብቅል አያበቅሉም፤ በእንፋሎት በበሰለ ሩዝ ላይ ኮጂ የተባለ ሻጋታ ያሳድጋሉ፤ የብቅሉን ሥራ የሚሠራው እሱ ነው። የአኩሪ አተር ሶስና ሚሶም የሚዘጋጁት በኮጂ ነው። በሳኬ ጋን ውስጥ ኮጂው ስታርቹን እያጣፈጠ እርሾው በዚያው ሰዓት ያፈላዋል፤ ሁለቱ ሥራዎች ጎን ለጎን ስለሚሄዱ የመጠጡ ጥንካሬ ወደ 20 በመቶ ሊጠጋ ይችላል፤ ብዙውን ጊዜ በውኃ ቀጥኖ በ15 ወይም በ16 በመቶ ይታሸጋል። ሩዙ ከመብሰሉ በፊት የውጭ ሽፋኑ ይፋቃል። ጊንጆ ለመባል ከፍሬው ከ60 በመቶ በላይ መቅረት የለበትም፤ ዳይጊንጆ ለመባል ደግሞ ከ50 በመቶ በላይ። ግማሹ ፍሬ ተፍቆ ይወገዳል ማለት ነው፤ ውድነቱ ከዚህ ይመጣል። ጠመቃው በተለምዶ የክረምት ሥራ ነው። አዲሱ ሳኬ ሲወጣ በጠማቂው ቤት ደጃፍ ከዝግባ ቅጠል የተሠራ አረንጓዴ ድቡልቡል ይሰቀላል፤ ቅጠሉ ቀስ በቀስ እየጠቆረ ሲሄድ አላፊ አግዳሚው የሳኬውን ዕድሜ ያነባል። ኮጂን መሠረት ያደረገው ይህ የአጠማመቅ ጥበብ በታኅሣሥ 2024 በዩኔስኮ ተመዝግቧል።

ሥርዓቱን ማወቅ ከአሠራሩ በላይ ፊልም ለማየት ይጠቅማል። በማኅበር ሲጠጣ ሰው ለራሱ አይቀዳም። ለጎረቤቱ ይቀዳል፤ ጎረቤቱም ለሱ። ታናሽ ለታላቁ ሲቀዳ መቅጃውን በሁለት እጁ ይይዛል። የራሱን ጽዋ ራሱ የሚሞላ ገጸ ባሕርይ ካያችሁ ብቸኝነቱን ዳይሬክተሩ ነግሯችኋል። ይህን ይዛችሁ በ1952 የወጣውን የኩሮሳዋን «ኢኪሩ» እዩ። የማዘጋጃ ቤት ሹም የሆነው ዋታናቤ የጨጓራ ካንሰር እንዳለበት ይረዳል፤ በቀረችው ዕድሜው ለሰፈር ልጆች መጫወቻ ስፍራ ለማሠራት ከቢሮ ቢሮ ይንከራተታል። ከዚያ ፊልሙ ገና ሳያልቅ ይሞታል፤ ቀሪው ታሪክ የሚነገረው ለቅሶ ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቹ ምንጣፍ ላይ ተደርድረው ሳኬ ይጠጣሉ። ሲጀምሩ አለቆቹ መጫወቻ ስፍራውን የራሳቸው ሥራ ያደርጉታል። አለቆቹ ሄደው ሳኬው ወደ ውስጥ ሲወርድ እውነቱ ቀስ እያለ ይወጣል፤ አንዱ ያለቅሳል፣ ሌላው ከነገ ጀምሬ እንደሱ እሠራለሁ ብሎ ይምላል። በማግሥቱ ቢሮው እንደ ድሮው ነው። በጃፓን መሥሪያ ቤቶች ዘንድ ከሥራ በኋላ አብሮ መጠጣት ለምን ይህን ያህል ቦታ እንደነበረው፣ ምን እንደሚያወጣና ምን እንደማያወጣ ከዚህ ትዕይንት በላይ የሚያስረዳ አላየሁም።

ሱሺን እስካሁን ያላነሣሁት ሆን ብዬ ነው። የጃፓን ምግብ ሁሉ ሱሺ ተደርጎ በመቆጠሩ ብዙ ነገር ተሸፍኗል። ሱሺ ጥንት ዓሣን በሩዝ ውስጥ አፍልቶ ማቆያ ዘዴ ነበር፤ በቢዋ ሐይቅ አካባቢ ዛሬም እንዲያ የሚሠሩ አሉ። ትኩስ ዓሣ በሩዝ ጉርሻ ላይ የሚደረግበት ዓይነቱ የመጣው በ19ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ፣ በዛሬዋ ቶኪዮ ጎዳናዎች የችኩሎች ምግብ ሆኖ ነው። ለዕለት ኑሮው ቅርብ የሆነው ራመን ነው። ከቻይና የመጣ የስንዴ ኑድል ሲሆን ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሩዝ ጠፍቶ የአሜሪካ ስንዴ አገሩን ሲሞላው በየጎዳናው ተስፋፋ። ተወልዶ ያደገው ታይዋን የሆነው ሞሞፉኩ አንዶ ኑድልን ዘይት ውስጥ ጠብሶ ማድረቅ ቻለና በ1958 የመጀመሪያውን ፈጣን ኑድል ለገበያ አቀረበ። አዲስ አበባ ውስጥ ተማሪው «ኢንዶሚ» እያለ በፈላ ውኃ የሚያበስለው ምግብ ትውልዱ ከዚያ ነው።

ለራመን ፊልም ከተፈለገ የጁዞ ኢታሚ «ታምፖፖ» አለ፤ 1985። ባሏ የሞተባት ሴት የማይጣፍጥ ራመን ትሸጣለች፤ አንድ የጭነት መኪና ሾፌር መረቁን፣ ኑድሉን፣ እጇን ያስተካክልላታል። በዋናው ታሪክ መካከል ሌሎች ትንንሽ ታሪኮች ይገባሉ። አንደኛው ላይ የኩባንያ አለቆች ፈረንሳይ ምግብ ቤት ገብተው ሜኑውን ማንበብ ስላቃታቸው ሁሉም አንድ ዓይነት ያዛሉ፤ የመጨረሻው ተላላኪ ወጣት ግን ምግቡን አጥርቶ ያውቃልና የፈለገውን ሲያዝ አለቆቹ በኀፍረት ይቀላሉ። ሌላው ላይ በሞት አልጋ ላይ ያለች እናት ባሏ «ተነሺ፣ እራት ሥሪ» ብሎ ሲጮህ ተነሥታ ሩዝ ትጠብሳለች፤ ልጆቿ ሲበሉ አይታ ፈገግ ብላ ትሞታለች። አባትየው እያለቀሰ ልጆቹን ሳይበርድ ብሉ ይላቸዋል። ሳቅና ሐዘን በዚህ ፍጥነት የሚፈራረቁበት ፊልም ብዙ የለም፤ ከጓደኞች ጋር ለሚታይ የመጀመሪያ ምሽት ይህን እመርጣለሁ።

በሕይወት ካሉት መካከል የኦዙን ማዕድ የወረሰው ሂሮካዙ ኮሬኤዳ ነው። በ2018 በካን የፊልም ፌስቲቫል ታላቁን ሽልማት ያገኘበት «ሾፕሊፍተርስ» ላይ በሥጋ የማይዛመዱ ድሆች ቤተሰብ የሚሆኑት በመንገድ ላይ የተገዛ የድንች ጥብስ ተካፍለው ነው። ለእኔ ግን ትልቁ ሥራው ከእናቱ ሞት በኋላ የሠራው የ2008ቱ «ስቲል ዎኪንግ» ነው። ልጆች የታላቅ ወንድማቸውን ሙት ዓመት ለማሰብ ወላጆቻቸው ቤት ይሰበሰባሉ። ሟቹ የሌላ ሰው ልጅ ሊያድን ባሕር ገብቶ የሰመጠ ነው። ፊልሙ ሲከፈት እናትና ሴት ልጅ አትክልት እየፋቁ ስለ አበሳሰል ያወራሉ። ከዚያ እናትየዋ የበቆሎ እሸት ፈልፍላ በሊጥ ለውሳ ትጠብሳለች፤ ፍሬው ዘይት ውስጥ ሲፈነዳ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ ወጥ ቤት ይሳባል፤ ሟቹ ልጅ እያለ በቆሎ ከጎረቤት ማሳ ስለተሰረቀበት ጊዜ የሚወራው የዘወትር ጨዋታም ይጀመራል። ይህች ደግ፣ እጇ የሚጣፍጥ እናት ልጇ ሞቶለት የተረፈውን ሰው በየዓመቱ ትጋብዘዋለች። ለምን እንደምትጋብዘው ማታ ለሁለተኛ ልጇ ስትነግረው ድምፅዋ አይቀየርም፤ በዓመት አንድ ቀን እንኳ ይሠቃይ ነው የምትለው። ከዚያ በኋላ ቀን ያቀረበችለትን ሁሉ መልሳችሁ ታስቡታላችሁ።

እናትየዋን የተጫወተችው ኪኪ ኪሪን «ኤቭሪ ዴይ ኤ ጉድ ዴይ» በተባለው ፊልም የሻይ ሥርዓት መምህርት ሆና ትታያለች፤ በመስከረም 2018 አርፋ ፊልሙ በወሩ ለሕዝብ ቀረበ። የሻይ ዘር ከቻይና በማምጣት የሚታወቀው ኤይሳይ የተባለ መነኩሴ ነው፤ በ1191። ሥርዓቱን ዛሬ ባለበት መልክ ያጠራው ከ1522 እስከ 1591 የኖረው ሴን ኖ ሪክዩ ነው። የሻይ ቤቱን በር መንበርከክ ግድ እስኪሆን አጠበበው፤ መስፍንም ነጋዴም አጎንብሶ፣ ጎራዴውን ውጭ ትቶ ይገባል። በመጨረሻ የአገሩ ገዥ ሂዴዮሺ ራሱን እንዲገድል አዘዘው። ፊልሙ ይህን ታሪክ አይነካም። አንዲት ወጣት ከሃያ ዓመት በላይ በየሳምንቱ ጨርቅ ማጠፍና ውኃ መቅዳት ስትማር ያሳያል። ለዓመታት ምክንያቱ አይገባትም። አንድ ቀን ግን የሙቅ ውኃና የቀዝቃዛ ውኃ አወራረድ ድምፃቸው እንደሚለይ ትሰማለች። ቴሌቪዥናችሁን ድምፁን ከፍ አድርጋችሁ ስሙት፤ እውነትም ይለያል።

ከሻይ ጎን ለጎን ጃፓን የቡና አገርም ናት። ኪሳተን የሚባሉት የቆዩ ቡና ቤቶች ቡናውን በጨርቅ ማጥለያ ጠብታ በጠብታ ያወርዱታል፤ ሜኑአቸው ላይ «ሞካ» የሚል ካያችሁ የየመን ወይም የኢትዮጵያ ቡና ማለት ነው፤ «ሞካ ሲዳሞ»፣ «ሞካ ሐረር» እያሉ ይጽፉታል። በ2008 በኢትዮጵያ ቡና ላይ የፀረ ተባይ ቅሪት ተገኘ ተብሎ ወደ ጃፓን የሚገባው ቡና ክፉኛ ሲያሽቆለቁል ጉዳቱ ለእኛ ላኪዎች ብቻ አልነበረም፤ እነዚያ ቤቶችም የለመዱትን ጣዕም አጡ። በፊልም በኩል ያለን ዝምድና ደግሞ በ1965 የወጣው የኮን ኢቺካዋ «ቶኪዮ ኦሊምፒያድ» ነው። አበበ ቢቂላ ማራቶኑን ለሁለተኛ ጊዜ ያሸነፈበትን ሩጫ ካሜራው ፊቱ ላይ ቀርቦ፣ እርምጃውን እያዘገመ በረጅሙ ያሳያል። ብዙዎቻችን የምናውቀው ይህን ክፍል ብቻ ነው፤ ፊልሙን ሙሉውን እንድታዩት እለምናለሁ። ኢቺካዋ ነፃ ከወጣች ጥቂት ዓመት የሆናትን የቻድን አንድ ሯጭ ይከተላል፤ በኦሊምፒክ መንደሩ የምግብ አዳራሽ ውስጥ፣ በሺህ ሰው መካከል፣ ብቻውን ተቀምጦ ሲበላ ያሳየናል። የስፖርት ፊልም የሚሠራ ሌላ ሰው ወደዚያ አዳራሽ ካሜራ ይዞ ባልገባ ነበር።

እሸት በደረሰ ጊዜ የ«ስቲል ዎኪንግ»ን በቆሎ ቤታችሁ መሥራት ትችላላችሁ፤ ከጃፓን የሚመጣ ምንም ነገር አይፈልግም። ለጋ እሸት ምረጡ፤ ፍሬውን በቢላ ከቆረቆንዳው ላይ ላጡት። ደረቅ ዱቄት ነስንሱበትና አገላብጡት፤ ከዚያ በጣም በቀዘቀዘ ውኃ የተበጠበጠ ቀጭን የስንዴ ሊጥ ፍሬውን እንዲያያይዘው ያህል ብቻ ጨምሩ። ሊጡን አብዝታችሁ አታሹት፤ ይጠነክራል። በማንኪያ እያነሣችሁ ወደ ጋለ ዘይት ቀስ ብላችሁ ልቀቁት፤ እስኪጠነክር አትንኩት፤ አንዴ ብቻ ገልብጡት። ፍሬው እየፈነዳ ዘይት ይረጫልና ፊታችሁን አርቁ፤ ልጆችንም ከምድጃው ራቅ አድርጉ። ጨው ነስንሳችሁ በትኩሱ ብሉት፤ ፊልሙን ከዚያ በኋላ ክፈቱ።